አያ ጅቦ የለካው ጓሮ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት የሰፈር ኮሚቴ በነበራቸው ዘመን፣ ሾላ አምባ የሚባል የኮረብታ ሰፈር ነበር። ነፋሱ ጥሩ፣ ጥላው ጥሩ፤ የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ውሃውን ከወንዝ እየቀዳች አቀበቱን የምታወጣላቸው አህያ ነበረች። እሷ ግን የምትኖረው ታች ወንዙ ዳር፣ ደሳሳ የሸምበቆ ጎጆ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ሆዷ ገፍቷል፣ ክረምቱም ተቃርቧል። ወንዙ ሲሞላ ጎጆዋን ጠራርጎ እንደሚወስዳት ታውቃለች። ስትጨነቅ ሰነበተችና አንድ ቀን የኮሚቴው ስብሰባ ፊት ቆመች።

«ጎረቤቶቼ፣ ለአንዲት ጎጆ የምትሆን ቦታ ስጡኝ። የምወልደውን ጎርፍ እንዳይበላብኝ።»

ሊቀ መንበሩ ጅብ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሜት አህዪት፣ በጣም እንወድሻለን! ግን ደንብ አለን። በጎጆና በጎጆ መካከል መቶ እርምጃ መኖር አለበት። አንቺን ካስገባን ሰፈሩ ይጨናነቃል፣ ክብሩም ይወርዳል።»

«ክብራችሁን የምትታጠቡት እኮ እኔ በማመጣው ውሃ ነው» ልትል ፈለገችና ዋጠችው። የሰፈሩ ዳኛ አንበሳ እያዛጋ «ደንብ ደንብ ነው» አለ፤ ስብሰባውም ተበተነ።

ቁልቁለቱን እያለቀሰች ስትወርድ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ነገ ተመልሰሽ፣ ደንቡ ይጥበቅ በይ» አላት።

«ምን? አብደሃል እንዴ?»

«ስሚኝማ። እያንዳንዱ ጓሮ ይለካ፣ ደንብ ያፈረሰ ጎጆ ይፍረስ፣ እዚያ የተገኘ ምግብ ለለኪው ይሁን በይ። ማን ብድግ እንደሚል ታያለሽ።»

ቀበሮ በነፃ ደግ ሆኖ እንደማያውቅ አህያ ታውቃለች። ግን ምን ምርጫ አላት? በማግስቱ እንደተባለችው አለች።

«እኔ እለካለሁ!» ብሎ ጅብ ከመቀመጫው ዘለለ፤ ለሃጩም ቀድሞት ወረደ።

ጅብ አንበሳንና ሰፈርተኛውን አስከትሎ፣ እያነከሰና ጮክ ብሎ እየቆጠረ መጀመሪያ ጃርት ግቢ ገባ። ከቤቷ ጀርባ፣ በቁጥቋጦ ተሸፍና፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ ተገኘች። ውስጧ ዓይናቸው የደከመ የጃርት እናት ተቀምጠዋል።

«ሃያ ሦስት እርምጃ! ጥፋት! ይፍረስ!»

«እናቴን የት ልጣላቸው?» ብላ ጃርት አለቀሰች። በዝንጀሮ ጓሮም አዲስ ያገባ ልጁ ተደብቆ ይኖር ነበር። አህያ ይህን ስታይ ጆሮዋ ወደቀ፤ ለራሷ ቤት ስትል የሰው ቤት ልታስፈርስ መሆኑ ነው። ቀበሮን ብትረግጠው ደስ ባላት። እሱ ግን ዓይኑን ጠቀሳትና «በዚህ በኩል አያ ጅቦ፣ አንድ ጓሮ ቀርቷል!» ብሎ በኋላ አጥር አሾለከው።

ጅብ የአጥንት ሽታ ስለመጣለት አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ ቆጠረ። «አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት! ጥፋት! አቤት፣ ጎጆ ሙሉ አጥንት! ይፍረስ! የትኛው ስግብግብ ነው ይህን ያህል ያከማቸ?»

አህያ በቀስታ፣ «ያንተ ነው፣ አያ ጅቦ» አለችው።

ጅብ ቀና ብሎ የራሱን ቤት ከፊት ለፊት አየ። አገሩ በሳቅ ተናወጠ። «ጌታዬ» አለ ወደ አንበሳ ዞሮ፣ «መቶ የተባለው በጉንዳን እርምጃ ነበር መሰለኝ።»

አንበሳ እንቅልፉ ጠፋ። «ሁሉን አፍርሼ ስንቱን ሜዳ ላይ ልበትን?» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ጓሮ ያለው ሁሉ ሁለተኛ ጎጆ መሥራት ይችላል። አጥንት ቤት ካገኘ አህያስ ለምን ታጣለች?»

«እንግዲያው እኔ ጓሮ ትግባ!» አለ ጅብ ፈጥኖ። «ለአፌ ትቀርበኛለች… ለውሃው ማለቴ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አህያ። «እኔስ አጥሯ እሾህ የሆነውን የጃርትን ጓሮ እመርጣለሁ።» ወደ ጃርት ሄዳም አንገቷን ደፍታ፣ «ላስለቀስኩሽ ይቅር በይኝ» አለቻት።

ጃርት እንባዋን ጠረገች። «ነይ ግቢ። እናቴም የሚያጫውታቸው ያገኛሉ።»

ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ጎጆዋን በአንድ ቀን አቆመላት። ልትገባ ስትል ከጃርት አጥር ሥር ካለ ጉድጓድ ቀበሮ ብቅ አለ። «እንኳን ደህና መጣሽ ጎረቤቴ! እኔማ እዚህ ተደብቄ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነው።»

በሳምንቱ ወንዙ ሞልቶ የሸምበቆዋን ጎጆ ወሰዳት። በዚያው ጠዋት ኮረብታው ላይ አንዲት ውርንጭላ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆመች። አህያ አቅፋ ላሰቻት፤ ያን ቀን የተደሰተችውን ያህል በዕድሜዋ ተደስታ አታውቅም።

አራስ ደግሞ ውሃ አይቀዳም። ሰፈርተኛው አርባ ቀን በተራ ሊቀዳ ተስማማ፤ የመጀመሪያው ተራ የሊቀ መንበሩ ሆነ። አያ ጅቦ ቅሉን ተሸክሞ አቀበቱን እየቆጠረ ወጣ፤ መቶ ላይ ሲደርስ ቀና ቢል ሰፈሩ ገና ከደመናው ሥር ነው። ቁጭ ብሎ ተነፈሰና፣ «ይህችን ሴት እዚያ ታች እንድትኖር የፈረደባት ማነው?» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሚያገለግለን ጎረቤት ቦታ የለም ከማለታችን በፊት የራሳችንን ጓሮ ዞር ብለን ማየት እንዳለብን ነው።