ባለጀልባው ቆርጦ የጣለው ማርሚታ

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዝም የምትይው ስለምትሰሚ ነው እንጂ የምትናገሪው ስላጣሽ አይደለም።»

ይህን ያሉኝ ሐይቅ ዳር ዓሣ እያጸዱ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ አጠገባቸው ሻይ እሸጥ ነበር። ያን ቀን ገበያ ስላልነበረ ይህን ታሪክ አወሩኝ። እኔም እንደሰማሁት ላካፍላችሁ።

አንድ ላቀው የሚባል ባለጀልባ ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው እየቀዘፈ ሰው ከዳር ወደ ዳር ሲያሻግር ነው። በእነዚያ ዓመታት ሲመጣም ሲሄድም ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ተሳፋሪዎቹ «አንተ ቀዛፊ» ይሉታል እንጂ ስሙን የጠየቀው የለም። በመጨረሻ እንደ ምንም ብሎ ሞተር የተገጠመለት ፈጣን ጀልባ ገዛ።

ጀልባው ሲገዛ ማርሚታ ነበረው። የሞተሩ ጭስ በውስጡ እያለፈ ድምፁ የሚታፈንበት ዕቃ ማለት ነው። ላቀው ጀልባውን በገዛ በሁለተኛው ሳምንት ማርሚታውን በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩን ሲያስነሳ ዳር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ልጆች ይሮጣሉ፣ ወፎች ከዛፍ ይነሳሉ፣ ሻይ የያዘው ሰውዬ ብርጭቆውን እንደያዘ ይቀራል። ሐይቁን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶችም «ያኛው ይሻላል፣ ጉልበት አለው» እያሉ የእሱን ጀልባ ይመርጣሉ። ላቀው እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

በዚያ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ አንድ ልማድ አላቸው። ጉማሬ ብቅ ሲል ያየው ሰው መቅዘፊያውን በእንጨት ታንኳው ጎን ሦስት ጊዜ ይመታል። የሰማው ደግሞ እሱም መትቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ሐይቁን ያዳርሱታል። ያኔ ቅርብ ያለው ይሸሻል፣ ሩቅ ያለው ለእርዳታ ይመጣል። የላቀው ጀልባ ሲያልፍ ግን ያ ምት ከሁለት ታንኳ አይዘልም። ስለዚህ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ጋሽ ዱካሞ መጥተው አነጋገሩት።

«ላቀው ልጄ፣ ይቺ ጀልባህ አንድ ቀን ታስበላናለች።»

«ኧረ ጋሽ ዱካሞ፣ ጉማሬ ሳር ነው የሚበላው።»

«አዎ፣ ሰውን ሰብሮ ነው የሚተወው። ማርሚታዋን መልስላትና እንሰማማ።»

«ማርሚታ ጉልበት ይበላል ጋሼ። ቀርፋፋ ጀልባ ላይ ማን ይሳፈራል?»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «እንግዲህ እኛም በሆታ እንሞታለና» ብለውት ሄዱ።

ወር ሳይሞላ፣ ላቀው እንግዶች አሳፍሮ ሐይቁ ውስጥ ወዳለችው ደሴት ሲበር፣ በቀኙ በኩል አጥማጆች ታንኳቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያውለበልቡ አየ። አንዱማ ሸሚዙን አውልቆ ያወዛውዛል። ላቀው ልቡ ሞቀ። «ዛሬስ እነሱም ወደዱኝ» ብሎ አሰበ። ፈገግ ብሎ እሱም አውለበለበላቸው። እንግዶቹም ተከትለውት አውለበለቡ። ከዚያ አልፏቸው ሄደ።

ሲመለስ ዳር ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀው። ጉማሬ የጋሽ ዱካሞን ታንኳ ሰብሮ ጭናቸውን ነክሷቸው ነበር። ጓደኞቻቸው ከውሃው አውጥተው ሌላ ታንኳ ላይ አስተኟቸው፤ ያውለበለቡትም ፈጣኑ ጀልባ ቶሎ እንዲያደርስላቸው ነበር። ቢጮኹም በሞተሩ ድምፅ ሳይሰማቸው ሲያልፍ፣ ቀዝፈው አመጧቸው። እስኪደርሱ ድረስ ብዙ ደም ፈሷቸዋል።

ላቀው ሆስፒታል ሄዶ አልጋቸው አጠገብ ቆመ።

«አየሁህ እኮ» አሉት በደከመ ድምፅ። «ስታውለበልብልኝ አየሁህ። ተጋድሜ፣ ይህ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ሰላምተኛ የሆነው እላለሁ።»

ላቀው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

«ተው አሁን፣ ሰው ያየሃል። እግሬም ይድናል ብለውኛል። አንተ ክፉ ሰው ሆነህ አይደለም። አልሰማህም፣ በቃ።»

ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ያቺ «አልሰማህም» የምትለዋ ቃል ቤቱ ድረስ ተከተለችው። በማግስቱ ወደ መካኒኩ ጋሽ ወልደአብ ጋራዥ ሄደ።

«ጋሼ፣ ማርሚታ ይሥሩልኝ።»

«የቆረጥከውን ምን አደረግከው?»

«ጣልኩት።»

«እኔ አንስቼዋለሁ። ዶሮዬ አጠገቡ እንቁላል ትጥላለች። እሷን አላስነሳም፣ አዲስ እሠራልሃለሁ።»

ሠሩለት። ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚወጣውን ውሃ ወደ ጭስ ማውጫው አስገቡት። ጭሱ ከውሃው ጋር ተደባልቆ በማርሚታው ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ጩኸቱ እዚያው ይቀራል። ለሙከራ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ደሴቲቱ ሄዱ። ሲደርሱ የላቀው ፊት ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ጀልባዬን ገደሉት። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥቼው ነው እየተንፏቀቀ የደረሰው።»

ጋሽ ወልደአብ የእጅ ሰዓታቸውን አስጠጉለት። «ወትሮ በስንት ደቂቃ ትደርሳለህ?»

«በሃያ።»

«ዛሬ በአሥራ ስምንት ደርሰሃል። እኔማ ባርኔጣዬን ይዤ ስጸልይ ነበር። ጀልባዋ አልደከመችም፤ አንተ በጆሮህ ስለምትነዳ ነው። ካልጮኸች የምትሄድ አይመስልህም።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አላለቀም። እንግዶቹ «ይሄ ጀልባ ታሟል እንዴ?» እያሉ ሌላው ላይ ይሳፈሩ ጀመር። ላቀው ሲመጣ ዳር ላይ የሚዞር ሰው ጠፋ። ልክ እንደ ቀዛፊነቱ ዘመን ሆነበት። ሦስት ሳምንት ታገሠ። አንድ ጠዋት ግን መጋዝ ይዞ፣ መካኒኩ እንዳያዩት ብቻውን ወደ ሐይቁ መሃል ወጣ። ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ተወው። መጋዙን አንሥቶ ወደ ኋላ ጎንበስ አለ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ቀና አለ። ምቱ እንደገና መጣ፣ ከሌላ ታንኳ። ከዚያ በጣም ቀጭን ሆኖ ከሸምበቆው በኩል የሰው ድምፅ ተሰማው። ዙሪያውን ቢያይ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነበር። መሪውን አዙሮ ገሠገሠ። ጉማሬው ታንኳውን አንድ ጊዜ ገፍቶ ጠልቋል፤ አጥማጁ ብቻውን የታንኳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ላቀው ጀልባውን አስጠጋና በብብቱ ይዞ ጎትቶ አስገባው። ትንሽ ፈቀቅ እንዳሉ ታንኳው ከሥር ተመትቶ ተገለበጠ።

ከሸምበቆው ሲርቁ ላቀው ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ሰውየው ዞረ።

«ስምህ ማነው?» አለ ላቀው።

«አምስት ዓመት በጎኔ ስታልፍ ኖረህ፣ ዛሬ ትጠይቀኛለህ?»

«ዛሬ።»

«ባራሳ እባላለሁ።» ሰውየው ልብሱን እየጨመቀ ወለሉን አየና «ይሄ መጋዝ ለምንድን ነው?» አለው።

«እንጨት ልቆርጥበት ነበር።»

«ሐይቅ መሃል?»

ላቀው መጋዙን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋው። ባራሳ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ላቀውም ሳቀ። ዳር ሲደርሱ ማንም ዞሮ አላያቸውም። ላቀው ግን ያን ቀን ቅር አላለውም፤ ባራሳ እስከ ቤቱ በር ድረስ ስለ ሁለቱ ልጆቹ እያወራለት ስለነበር ልብም አላለውም።

ማርሚታውን ከዚያ በኋላ አልነካውም። እንግዶቹ ጥቂት በጥቂት ተመለሱ፤ ጀልባው ላይ እርስ በርሳቸው መጨዋወት መቻሉን ወደውት ነው። ሁሉም ግን አልተመለሱም። ጋሽ ዱካሞም እያነከሱ ይኖራሉ።

እኔ ላቀው ላይ አልፈርድም። ብዙዎቻችን የምንጮኸው ክፋት ኖሮን ሳይሆን፣ ሳንታይ የኖርንበት ዘመን ስላለ ነው። ችግሩ፣ ሰው ወደ እኛ እንዲዞር ያስነሳነው ድምፅ የሰውን ድምፅ እንዳንሰማ ይከለክለናል። ጉልበታችንም ያለው ጩኸቱ ውስጥ ይመስለናል፤ ጩኸቱ ሲቀንስ ያነስን ይመስለናል። ጀልባው ግን ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ነበር የደረሰው። ድምፁን የቀነሰ ሰው አላነሰም፤ ለሌላው መሰሚያ ቦታ ለቀቀለት እንጂ።

እስቲ እናንተም አስቡት፤ በቤታችሁ፣ በሥራችሁ፣ «ድረሱልኝ» ብሎ እጁን ያነሳውን ስንቱን ሰው ሰላምታ መስሏችሁ አውለብልባችሁለት አልፋችኋል?

ይህን ጽፌ ቀና ስል ትንሿ ልጄ ቀሚሴን ይዛ የሆነ ነገር እየነገረችኝ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጩኸት የተነሳ ምን እንደምትል አልሰማኋትም። ተነሥቼ አጠፋሁትና ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «እንደገና ንገሪኝ» አልኳት።