ስንዱ ድንጋዬና የጦጢት ጭራ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነበር፤ ተዉት፣ የዛሬው ተረቴ ላም የለውም። በር ግን አለው፤ ያውም ግትር በር።

ድሮ፣ እንስሳት ኮምፒዩተር ባስገቡ ሰሞን፣ ወንዙ ሞላና ሁሉም ወደ ኮረብታው ግቢ ሸሸ። ደጅ ላይ ጦጢት የመጣውን ሁሉ ስም በኮምፒዩተሩ ትጽፋለች፤ በሩ የጻፈችውን የሁሉም ስም ካለበት መዝገብ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል፤ ልክ ከሆነ ይከፈታል። ጠዋት ጦጢት ቆማ ስትጽፍ የመጣው ሁሉ ገባ። ከሰዓት ግን ደከማትና ተቀመጠች። ጭራዋም ባዶ ቦታ በሚጽፈው በረጅሙ ቁልፍ ላይ ጋደም አለ።

በመጨረሻ ኤሊ ደረሰች። ውሃው ከኋላዋ እየተከተላት ነው።

«ስም?» አለች ጦጢት።

«ስንዱ ድንጋዬ። ቶሎ በይ ልጄ!»

ጦጢት ጻፈች። ጭራዋም ከስሙ በፊት ባዶ ቦታ ጻፈ፤ ከስሙ በኋላም ጻፈ።

«አላውቃትም!» አለ በሩ። «የእኔ ስንዱ በ‹ስ› ትጀምራለች። ይቺኛዋ በባዶ ነው የምትጀምረው።»

ጦጢት በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚኖረውን መቀስ ጠራች። መቀስ ከፊት ያለውን ባዶ ቆረጠና «በቃ፣ ጨረስኩ» አለ።

«አላውቃትም! የእኔ ስንዱ በ‹ዬ› ታበቃለች። ይቺ ከኋላዋ የምትጎትተው ነገር አላት።»

ውሃው የኤሊን እግር ሸፈነ። መቀስ ተናደደ። የኋላውን ቆረጠ፤ ንዴቱ ስላልወጣለት የመሃሉንም ደገመው።

«ስንዱድንጋዬ?» አለ በሩ። «ደግሞ እንዲህ የሚባል ፍጥረት አለ? አላውቃትም!»

ውሃው አንገቷ ደረሰ። ስንዱ አለቀሰች። «አንተ መቀስ፣ አባቴ ምን አደረገህ? በእኔና በአባቴ መካከል ያለው ቦታ የእኛ ነው! ትርፉ ያለው ዳር ነው፣ ዳር!»

መቀስ አፈረ። ጦጢት እንደገና ጻፈች፤ ጭራዋም እንደገና ጻፈ። መቀስ አሁን ረጋ ብሎ ከፊት ባዶውን እየቆረጠ መጣ፤ ‹ስ› ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞሮ ከኋላ እየቆረጠ መጣ፤ ‹ዬ› ጋ ሲደርስ ቆመ። መሃሉ ጋ ዝር አላለም።

«ውይ፣ እማማ ስንዱ!» አለ በሩ ብርግድ ብሎ። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ምነው እስካሁን ሳይናገሩ!»

ስንዱ ውሃዋን እያራገፈች ገባች።

ጦጢት ብቻዋን ቀረች። እዚያው እንደተቀመጠች የራሷን ስም ጻፈች።

«አላውቃትም!» አለ በሩ።

«መቀስ፣ ድረስልኝ!»

«መጣሁ» አለ መቀስ አፉን እየከፈተ። «ከስምሽ ልጀምር ወይስ ከጭራሽ?»

ጦጢት ተስፈንጥራ ተነሳች፤ ጭራዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ስሟን ጻፈች። በሩም ተከፈተ።

እናም ልጆቼ፣ የምትቆርጡ ከሆነ ከዳር ጀምሩ፤ የሰው ነገር ጋ ስትደርሱ ቁሙ። እኔም ተረቴን እዚህ ቆረጥኩ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ካለ ግን፣ አደራ፣ የእሱን ዳር ዳር እንዳትቆርጡብኝ፤ የምወደው እሱን ነው።