የግማሽ ቀን ሠራተኛዋ ማሽላ

ስሟን ባናነሳው የማይከፋት አንዲት አሮጌ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በምሥራቅ በሯ በኩል ትልቅ የቆዳ ግቢ አለ። የግቢው ባለቤት የሐጂ ቡርሃን አባት ሲሞቱ አንድ ጎተራ ወቅፍ፣ ወራሽ የማያዝበት የአላህ ስጦታ፣ አድርገው ትተዋል። ቃላቸው አጭር ነበር፦ «ከዚህ ግቢ እየሠራ ለታመመ፣ እስኪሻለው ድረስ ማሽላ ይሰፈርለት።»

በግቢው የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ የሚያሰግዱት ሼህ ጀውሃር ነበሩ። ይመጣሉ፣ ያሰግዳሉ፣ ጥቂት ኪታብ ያስቀራሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ክረምት ወባ ጣላቸው። በሦስተኛው ቀን ጭነት የያዘች አህያ ከደጃቸው ቆመች። ማሽላ። ሳይጠይቁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው ራቢያ ዱቄት ልትበደር መጣች። ሼሁ ከመደባቸው ሆነው ይሰማሉ።

«እህትሽ እንዴት አደረች?» አሉ ባለቤታቸው።

«ሙሂባ? እንደነደደች ናት። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷ።»

«ከግቢው አልመጣላትም?»

ራቢያ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እሷ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ናት፣ እትዬ። ዐስርን ከግቢው ያልሰገደ ከጎተራው ድርሻ የለውም። ደንቡን ያወጡት የርስዎው ሼህ ናቸው አሉኝ።»

ሼሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስታወሱ። ከብዙ ዓመት በፊት ሐጂ ቡርሃን «ለጎተራው ሠራተኛ የምንለው ማንን ነው?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ያኔ ሁሉም ከንጋት እስከ ማታ ይሠራ ስለነበር፣ ብዙም ሳያስቡ «ከኛ ጋር ዐስርን የሰገደውን» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ የግማሽ ቀን ሴቶች መጡ። ከንጋቱ ሶላት፣ ከፈጅር ጀምረው እርጥብ ቆዳ በጨው ያሻሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ዙህር ሲሆን ወደ ልጆቻቸው ይሮጣሉ። ዐስርን በየቤታቸው ይሰግዳሉ። የሙሂባን እጅ አይተውት ያውቃሉ። ጨው የበላው እጅ።

አህያ አስመጡ። ማሽላውን አስጫኑ።

«በዚህ ትኩሳት ወዴት ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«የባሰው ትኩሳት ገና አሁን ነው የያዘኝ።»

ከግቢው ሲደርሱ ሠራተኛው ለዐስር ሶፍ ይዞ ተሰልፏል። ሐጂ ቡርሃን ሮጠው ተቀበሏቸው።

«ሼሃችን፣ አላህ ያሽርዎ። ምነው ተነሡ?»

«ማሽላህን ልመልስ።»

«የርስዎ ሐቅ እኮ ነው።»

«እኔ ዐስር ላይ መጥቼ መግሪብ ሳይደርስ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ግማሽ ቀንም አልሞላም። ሙሂባ ከፈጅር እስከ ዙህር ቆዳ ታሻለች። እኔ ሠራተኛ፣ እሷ እንግዳ የሆንነው በምን ፍርድ ነው?»

«ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው፣ ሼሃችን።»

«ወባዋስ ዙህር ላይ ይለቃታል?»

ከሶፉ ሰው ሳቀ። ሐጂው አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው ከኪሴ ሶደቃ እልክላታለሁ። ደንቡን ግን አንነካካው» አሉ።

የሼሁ ምርኩዝ መሬቱን መታ።

«ሶደቃ? ሐቋን ቆልፈህባት?» ወደ ሶፉ ዞሩ። «ስሙኝ። ጎተራው የተቆለፈው በኔ ቃል ነው፤ ተሳስቻለሁ። ወቅፉ ‹እየሠራ ለታመመ› ነው የሚለው። ሰዓት አልለካም። እኔ የማሰግዳት ሶላት የድሃ እህል መቆለፊያ ከሆነች፣ ከዚህ ግቢ አላሰግድም።»

ከኋላ ሶፍ አንድ ጨው ተሸካሚ፣ «ሐጂ፣ ጎተራው የአባትዎ ወቅፍ ነው፤ የርስዎ አይደለም» አለ።

ሐጂ ቡርሃን ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። የሙሂባ ማሽላ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ ታስቦ ተሰፈረ። ሼሁ አህያዋ ወደ ሙሂባ ቤት ጭና ከበሩ እስክትወጣ ቆመው አዩ። ያሰገዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሲወጡ ሐጂው ተከተሏቸው። «በሰው ፊት አዋረዱኝ» አሉ።

ሼሁም፣ «ሐቅን ሶደቃ ብሎ የሚሰጥ ሁለት ጊዜ ይቀማል፤ መጀመሪያ እህሏን፣ ቀጥሎ ክብሯን» አሏቸው።

የቆዳው ግቢ ዛሬ የለም። ደንቡ ግን አለ። ጠዋት ጠዋት የሰው ቢሮ የምትወለውል ሴት ስትታመም «ቋሚ አይደለሽም» ትባላለች። ከዚያ አለቆቿ ያዝኑላታል። ያዋጡላታል። ሲሰጧትም ፎቶ ይነሣሉ። እሷም አመስግኝ ትባላለች። ስለ ምኑ?

ሼሁ በሌላው ላይ ከመቆጣታቸው በፊት የገዛ ቃላቸውን መረመሩ። እኛ ደንብ ስናወጣ ከፊታችን የቆመውን ቆጥረን «ሁሉም ይህ ነው» እንላለን። በሶፉ ላይ ያላየናት ሴት ግን ያን ሰዓት ቤቷ፣ በትኩሳቷ ውስጥ፣ እየሰገደች ነበር።