የተሰረዘው የርግጫ ትምህርት

አንድ ጊዜ የአራዊት ልጆች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። መምህሩ የኔታ ኤሊ ነበሩ። የነፋስ ሽታ መለየትን፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅንና፣ እሳቸው ባይችሉበትም፣ ርግጫን ያስተምሩ ነበር።

እመት አህያም ሴት ውርንጭላዋን አስገባች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እስቲ ትምህርት ያስጥላት እንደሆነ» አለች። ሆዷ ግን አልቻለም። በየቀኑ አጥሩ ጋ ቆማ ልጇን ትጠብቃለች፤ ትምህርቱንም ትቃርማለች። ጆሮ መቼም አላነሳትም።

አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አቶ ቀበሮ ወላጆችን ሰበሰበ።

«ልጆቻችሁ "ለምን፣ ለምን" ሲሉ ሥራ ፈት ሆነው ሊቀሩ ነው! ከእንግዲህ የምናስተምረው ገበያው የሚፈልገውን ብቻ ነው።»

እመት አህያ ደነገጠች። «ውይ፣ ልጄ ተምራ ሥራ ብታጣስ!» ብላ ከሁሉ ቀድማ በጆሮዋ አጨበጨበች።

«ገበያው ግን ማነው?» አሉ የኔታ።

«አያ ጅቦ ነዋ! ተመራቂውን በሙሉ እቀጥራለሁ ብሏል። የሚፈልገው ወፍራም፣ ዝምተኛና የማይራገጥ ነው።»

«ጅብ?» አለች እመት አህያ።

«ዘመኑ ተለውጧል እኮ እመት! አሁን ቀጣሪ ነው።»

ርግጫ ተሰረዘ። «ለምን?»ም ተሰረዘ። የኔታ ዘበኛ ሆነው በሩ ላይ ተቀመጡ። ውርንጭላዋ መብላትና ዝም ብሎ መቆም ተማረች፤ በሁለቱም አንደኛ ወጣች።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ውርንጭላዋ ቀይ ጥብጣብ በአንገቷ አስራ እንደ ሙሽራ ቆመች። አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረከረከ መጣ። ይሄኔ እናቷ አጥሩን ትታ ወደ ፊት ወጣች። ያ የተቃረመው «ለምን» ከጉሮሮዋ አምልጦ ወጣ።

«አያ ጅቦ፣ ለምን ወፍራም ፈለግህ?»

«ከሲታማ መች ያጠግባል!» አለ ጅቦ ሳያስበው።

«ልጄ፣ ርገጪው!»

«እማ፣ ርግጫ እኮ ተሰርዟል! አልተማርነውም!»

እመት አህያ ዞር አለችና ሁለቱን የኋላ እግሮቿን አንስታ የጅቦ መንጋጋ ላይ አሳረፈች።

«ኧረ ይቺኛዋ የት ነው የተማረችው?» እያለ ጅቦ እግሬ አውጪኝ አለ።

«አጥሩ ጋ!» አሉ የኔታ እየሳቁ።

አቶ ቀበሮም «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ተከትሎት ጠፋ።

በማግስቱ የኔታ ወደ ዋርካው ተመለሱ። የመጀመሪያው ትምህርት ርግጫ ነበር፤ አሳዪዋ ደግሞ እመት አህያ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያለው ሰው» አሉ የኔታ፣ «የአህያን እናት አያውቃትም።»

ከዚህ የምንማረው ትምህርቱን የሚመርጠው ገበያ ብቻ ከሆነ ልጆቻችን የሚሰቡት ለሌላ አፍ መሆኑን ነው።