የኦርቪያክ ምድጃ ሕመም

በፈረንሳይ አገር፣ ቬልን በሚሉት ወንዝ ዳር፣ ኦርቪያክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች ይባላል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የቤተ ክርስቲያኗ ግንብ ነው፤ እንዲያ አምሮ ተገንብቶ፣ እርግቦች ጎጆ ይሠሩበታል እንጂ ደወል የሚባል ነገር የለበትም። ደወሉ ያለው ከአደባባዩ ማዶ፣ ከተሜው በጋራ ዳቦ በሚጋግርበት ትልቅ ምድጃ ጣሪያ ላይ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ድምፁም ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሻከረ ነው። የምትደውለውም ምድጃውን የያዘችው ሴት ናት፤ ያውም በገመድ ሳይሆን በእሳት መቆስቆሻ ብረት እየመታች። ታዲያ በደወለች ቁጥር መንገደኛው ቆም ይላል፣ ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን ያስቀምጣል፣ ሁሉም ባንድ አፍ «እግዜር ይማረው!» ይላል። ማንን እንደሆነ የጠየቀ እንግዳ ወንበር ስቦ ይቀመጥ፤ ባጭሩ የሚመልስለት አያገኝም።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን፣ ነገሥታቱ ተጣልተው መድፍ የሚሠራበት ነሐስ ባነሰ ጊዜ፣ ወታደሮች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ደወል ይለቅሙ ነበር። ደብቆ የተገኘ ከተማ ይቃጠላል ተብሎ ታወጀ። ኦርቪያኮች ደግሞ ያለ ደወላቸው መኖር አይችሉም፤ ኑሯቸው ጀልባ ነው፣ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ጀልባ የሚፈጭ ፏፏቴ አለ፣ ጉም በወረደ ቀን ጀልባውን ወደ ቤት የሚጠራው ያ ደወል ብቻ ነበር። ስለዚህ ወታደሮቹ መምጣታቸው እንደተሰማ፣ አባ ፊርሜን የሚባሉት ቄስና ጎረምሶቹ ደወሉን ከግንቡ አውርደው፣ ምድጃው ውስጥ በግንድ ላይ አጋድመው፣ የምድጃውን አፍ በጡብ ደፈኑት። ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቀን የመጋገሪያ ቀን መሆኑን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም!

ምድጃውን የያዘችው ፔሪን የምትባል፣ ክንዷ የበረታ፣ ምላሷም ከክንዷ የማያንስ ሴት ነበረች። ሻምበሉ የተራቡ ወታደሮቹን አስከትሎ ደረሰና ቀዝቃዛውን ምድጃ አየ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ዳቦ የለም እንዴ?»

ፔሪን ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ምድጃው አሞታል፣ ጌታዬ» አለችው።

ሻምበሉ ትኩር ብሎ አያት። ግንቡን ፈትሾ ባዶ ስላገኘው ሆዱ ጠርጥሯል፤ ግን ከወንዙ ማዶ የቀሩት ወታደሮቹ ሳይሻገሩ ከተማውን መበርበር አልፈለገም። አሻግር ብሎ የላከው ጀልበኛ ኮላ ነበር፤ ኮላ ደግሞ የፔሪን ባል ነው።

ጀልባው ወታደሮቹን ጭኖ ከማዶ ሲነሳ ጉሙ ዱብ አለ። የገዛ እጅ እንኳ አይታይም። ከውሃው ላይ «ወዴት ነው? ኧረ ወዴት ነው?» የሚለው የኮላ ድምፅ መጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ወደ ፏፏቴው በኩል ራቅ ብሎ መጣ። ሻምበሉ ከዳር ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ ቢጣራም የፏፏቴው ጩኸት ዋጠው። ፔሪን አጠገቧ ወደቆሙት ወደ አባ ፊርሜን ዞረች። ብትደውል ከተማው ሊቃጠል ነው፤ ባትደውል ባሏ ሊቀር ነው።

«አባቴ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

አባ ፊርሜን ማማተብ ጀመሩ። እሷም መልስ አልጠበቀችም። ሮጣ ጡቡን በእግሯ ናደችና፣ መቆስቆሻውን አንስታ «ኮላ! አንተ ኮላ!» እያለች ደወሉን ትቀጠቅጠው ጀመር። ድምፁ በጭስ ማውጫው ወጥቶ፣ ልክ ሆዱን እንደቆረጠው በሬ «እምምም» እያለ በጉሙ ላይ ተንከባለለ። እያለቀሰች መታችው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆም መታችው፣ አንድ እርጥብ እጅ ትከሻዋን እስኪይዛት ድረስ አላቆመችም። ኮላ ነበር።

ከኮላ ኋላ፣ ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ወታደሮች ቆመዋል፤ ከፊታቸው ሻምበሉ። ፔሪን ቀሚሷን ዘርግታ የምድጃውን አፍ ለመከለል ሞከረች፤ አጀብ ነው፣ ያን የሚያህል ደወል በቀሚስ!

«ምንድን ነው የጮኸው?» አለ ሻምበሉ።

«ምድጃው ነዋ፣ ጌታዬ። አሞታል ብዬዎት የለም? ሲብስበት እንዲህ ያቃስታል።»

አንዱ ወታደር ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈነዳ። ሻምበሉ ግን አልሳቀም። በቀሚሷ ዳር የሚያበራውን ነሐስ አየ፣ ዞር ብሎ አንድም ሳይጎድል የተመለሱለትን ልጆቹን አየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና፣

«እግዜር ይማረው» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ወታደሮቹ ባዶ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ ይባላል። ሕዝቡ ደወሉን ወደ ግንቡ ልመልስ ቢል ፔሪን፣ «ሕመምተኛ አስታማሚውን ጥሎ የት ይሄዳል?» ብላ እንቢ አለች፤ በዚያው በምድጃው ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፣ መቆስቆሻውም ከምድጃ ያዥ ወደ ምድጃ ያዥ እየተላለፈ እዚህ ደረሰ።

አንድ ጊዜ እጀ ወርቅ ነኝ የሚል ቀጥቃጭ መጥቶ፣ ስንጥቁን ደፍኜ ድምፁን እንደ ጥንቱ ላጥራላችሁ ብሎ ነበር አሉ። ኦርቪያኮች በዳቦ አጥግበው፣ አመስግነው፣ እስከ ከተማው በር ሸኙት። እስከ ዛሬ ደወሉ ባቃሰተ ቁጥር ሁሉም «እግዜር ይማረው» ይላል፤ እንዲድን የሚፈልግ ግን አንድም ሰው የለም።