የተሰነጠቀው በርና የጋሽ ይርዳው ዳሌ

አንድ ቀን ጋሽ ይርዳው ዳሌያቸውን ደግፈው ሆስፒታል ሄዱ። ጋሽ ይርዳው አናጢ ናቸው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አንዲት መጋዝ ተሸክመው ከተማዋ ገቡ፤ ዛሬ ከከተማዋ በሮች ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው። ግማሹ የተባለው በግምት አይደለም፤ ራሳቸው ዞረው ቆጥረውታል። የማይቆጥሩት ነገር የለም። የባለቤታቸውን የእትዬ ማንአህሎሽን ቁጣ እንኳ ይቆጥራሉ፤ በቀን ከሰባት ካለፈ ከቤት ይወጣሉ።

በዚያ ዓመት ግን መውጣቱ ራሱ ችግር ሆነ። የቀኝ ዳሌያቸው መጋጠሚያ አልቆ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋ ጀመር። ከቤታቸው እስከ እድሩ አዳራሽ አራት መቶ ስምንት እርምጃ ነው፤ እግራቸው ከመቶ ሃያ በላይ አልሄድም አለ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጋሽ ይርዳው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ በእድሩ ደንብ ደግሞ አምስት ወርሃዊ ስብሰባ አከታትሎ የቀረ ዳኛ ከወንበሩ ይወርዳል። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እስካሁን ከሦስት ስብሰባ ቀርተዋል። ጎረቤታቸው አቶ ሰይፈ «ለጊዜው ነው» እያሉ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ቆይተው፣ በሦስተኛው ስብሰባ ከቤታቸው ትራስ ይዘው መጡ። ወሬውን የነገሯቸው ሰዎች ትራሱ ቀይ ነው አሏቸው።

ጋሽ ይርዳውን ሆስፒታል የወሰዳቸው ከሕመሙ ይልቅ ትራሱ ነው።

የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ናሁሰናይ ወጣት ነው፤ ጎበዝም ነው። ከስልጠና ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተማረውን አዲስ ነገር ባገኘው ሰው ሁሉ ላይ ካልሞከረ እንቅልፍ አይወስደውም። ጋሽ ይርዳው ወደ ክፍሉ ሲገቡ በሩን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አዩና ተቀመጡ። አብረዋቸው የመጡት እትዬ ማንአህሎሽም አጠገባቸው ተቀመጡ።

ዶክተሩ ራጁን መብራት ላይ ሰቀለው።

«አባባ፣ ያለቀውን መጋጠሚያ አውጥተን ብረት እንተካለን። የብረቱ እግር የጭንዎ አጥንት ውስጥ ይገባል።»

«ርዝመቱ ስንት ነው?»

«አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።»

«በምን ይያዛል?»

ዶክተሩ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው። «ድሮ በሲሚንቶ ነበር። ለአጥንት ተብሎ የተሠራ ሲሚንቶ አለ፤ በብረቱ ዙሪያ ሞልቶ ይደርቃል። እኔ ግን ያለ ሲሚንቶ ነው የምሠራው። ቀዳዳውን ጠበብ አደርግና ብረቱን በመዶሻ መትቼ አስገባዋለሁ። ከዚያ አጥንቱ ራሱ እየበቀለ ያቅፈዋል!»

«ይበቅላል?»

«ይበቅላል!»

«አናቴ ላይ መብቀል ካቆመ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ ጋሽ ይርዳው።

ጥግ ላይ ካርድ የምትሞላው ነርስ፣ ሲስተር ፋንታዬ፣ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ፈርም!» አሉ እትዬ ማንአህሎሽ። ጋሽ ይርዳው በልባቸው «አራት» አሉ።

«ለመሆኑ አጥንቴ እንዴት ነው፣ ልጄ?»

«ትንሽ ሳስቷል። የእድሜ ነገር ነው።»

«በመዶሻ ስትለው ቢሰነጠቅስ?»

«አልፎ አልፎ ይሰነጠቃል። ያኔ በሽቦ እናስረዋለን፤ ስምንት ሳምንት ያህል ሳይረግጡበት ይቆያሉ።»

ጋሽ ይርዳው በጣታቸው ቆጠሩ። አራተኛው ስብሰባ፣ አምስተኛው ስብሰባ፣ ቀዩ ትራስ።

«በሲሚንቶውስ?»

«በማግስቱ ይቆሙበታል። ግን እሱ የድሮ ነው።»

«እኔም የድሮ ነኝ።»

ዶክተሩ ትዕግሥቱ አለቀና የመፈረሚያውን ወረቀት ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። «አባባ፣ እርስዎ እንጨት ያውቃሉ፤ እኔ አጥንት አውቃለሁ። መዶሻዬ ያረጀ ነገር እንደሚሰነጥቅ አንድ ማስረጃ ያምጡልኝና አሁኑኑ ሲሚንቶ ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ብቻ!»

ጋሽ ይርዳው ከዘራቸውን አነሡና ወደ በሩ አመለከቱ። በሩ ላይ የጋውን መስቀያ ተመትቷል። ከመስቀያው ሥር የጀመረ ስንጥቅ እስከ ታች ወርዷል። መስቀያው አንገቱን ደፍቷል፤ ጋውኑም ወለሉ ላይ ነው።

«ያንን መስቀያ የመታው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጥገና ክፍሎቹን ሦስት ሳምንት ጠብቄ ሲቀሩብኝ ጊዜ፣ በራሴ መዶሻ…»

«በዚያው በመዶሻህ?»

ዶክተሩ ድምፁ ቀነሰ። «በዚያው።»

ሲስተር ፋንታዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያን በር የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ዝግባ ነው። አንድ ምስማር አላሳረፍኩበትም፤ በኮላ ነው ያያዝኩት። ለወጣቶቹ መዶሻህን አልከለክልህም፤ እርጥብ እንጨት የገባበትን ያቅፋል። በሩ ግን አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የመታህበትም ጣት የማታክል ምስማር ናት። እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልትመታብኝ ያሰብከው ስንዝር ሙሉ ብረት ነው። እስቲ መጀመሪያ ወረቀቱን ለበሩ ስጠው፤ እሱ ከፈረመልህ እኔም እፈርማለሁ!»

ዶክተሩ በሩን አየ፤ ራጁን አየ፤ እንደገና በሩን አየ። ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጋውን አንሥቶ አራገፈና፣ «ሲስተር፣ ሲሚንቶ ብለሽ ጻፊ» አለ።

ጋሽ ይርዳው ከጆሯቸው ላይ የአናጢ እርሳሳቸውን አወረዱና ፈረሙ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዘው፣ ደረታቸው ላይ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ነቅተው ተኙ። በሲሚንቶም ቢሆን ለብረቱ ቦታ ለማበጀት ጥቂት የመዶሻ ምት አይቀርም። ከመጋረጃው ወዲያ ቷ! ቷ! የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ከመጋረጃው ወዲህ «ዶክተር!» የሚል ድምፅ መጣ። «ደግሞ አሁን ጋውን ልትሰቅልብኝ ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስቆ እስኪጨርስ ዶክተሩ መዶሻውን ይዞ መቆም ግድ ሆነበት።

አራተኛው ስብሰባ አመለጣቸው። በአምስተኛው ግን ጋሽ ይርዳው ከዘራቸውን ይዘው፣ አራት መቶ ስምንቱን እርምጃ አንድ ሳያጎድሉ ቆጥረው አዳራሹ ደረሱ። አቶ ሰይፈ በወንበሩ ላይ፣ በቀዩ ትራስ ላይ፣ ተመቻችተው ተቀምጠዋል።

«ተነሣ፣ ሰይፈ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «አንተን ያስቀመጥንህ ያለ ሲሚንቶ ነው። ትራሱን ግን ተወው።»