የሶልያና ተራ

ይህ ልጅ የበዛበት ቤት ተረት ነውና የቸኮለ ሰው ይለፈው፤ ያልቸኮለ ጠጋ ይበል።

አዳማ ውስጥ ትርንጎ የምትባል የአራት ልጆች እናት ነበረች። ትልቋ አቢጊያ ኪቦርድ ትማራለች። ቀጥሎ ያለው ናሆም ቴኳንዶ ይሠራል። ከእሱ በታች ኬብሮን ኳስ ይጫወታል። የመጨረሻዋ፣ ገና ጥርሷን ያልቀየረችው ሶልያና፣ ጂምናስቲክ ጀምራለች። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ትርንጎ አራቱንም እየጎተተች አንድ የወጣቶች አዳራሽ ትወስዳቸዋለች። እዚያ በአንዱ ጥግ ይዘፈናል፣ በሌላው ጥግ ይራገጣሉ፣ ደጅ ኳስ ይለጋል፣ መሀል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ትንንሾቹ ይገለባበጣሉ።

የዚያን ቀን ሶልያና የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስትገለበጥ አሰልጣኙ ወገቧን ይደግፍላት ነበር፤ ዛሬ ለብቻዋ ናት። በዚያ ፍራሽ ደግሞ ወግ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው የተገለበጠ ልጅ ጓደኞቹ ሁሉ ቆመው ያጨበጭቡለታል።

«እማዬ፣ ተራዬ ሲደርስ እዪኝ፣ እሺ?» አለች።

«እሺ የኔ እናት። አንቺን ካላየሁ ማንን ላይ ነው» አለች ትርንጎ። የልቧን ነው የተናገረችው። ችግሩ ልቧ አንድ፣ ልጆቿ አራት መሆናቸው ነው።

ገና አግዳሚው ላይ አረፍ ሳትል ኬብሮን እየተነፋረቀ መጣና ቀሚሷን ጨምድዶ ያዘ። ታኬታዬ ካልመጣ ኳስ የለም፣ ኳስ ከሌለ ቀሚስሽን አልለቅም አለ። እንግዲህ ኬብሮን ቀሚስ አልለቅም አለ፣ እናት ዞራ ማየት አልቻለችም፣ ሶልያና ሰልፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ታኬታው ያለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳው ላይ ደግሞ ናሆም ተዘፍዝፎበታል።

«ተነስ እስቲ ናሆሜ፣ ለወንድምህ ታኬታውን ላውጣለት።»

«አልነሳም። ቀበቶዬ ተፈትቷል፤ እንዲህ ሆኜ ብቆም ይስቁብኛል።»

«ና ልሰርልህ።»

«ያንቺ ወዲያው ነው የሚፈታው። አቢ ትሰርልኝ።»

ናሆም ከቦርሳ አልነሳም አለ፣ ቦርሳ ታኬታ አልሰጥም አለ፣ ኬብሮን ቀሚስ አልለቅም አለ፣ እናት ዞራ ማየት አልቻለችም፣ ሶልያና ሰልፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሰልፉ ከአግዳሚው አጠገብ ስለሆነ የእናቷ ጀርባ በደንብ ይታያታል።

አቢጊያ ከኪቦርዱ ተነስታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተዘርራለች። የአዳማ ሙቀት ያላስኮረፈው ሰው የለም።

«አቢ፣ የወንድምሽን ቀበቶ እሰሪለት።»

«ጉሮሮዬ ደርቋል። ውሃ ሳልጠጣ ንቅንቅ አልልም።»

ቧንቧው ደጅ ነው፣ እግርም አላት። ግን ታላቅ ናት፤ በዚያ ቤት ታላቅ ይልካል እንጂ አይላክም። ስለዚህ አቢጊያ ቀበቶ አላስርም አለች፣ ናሆም ከቦርሳ አልነሳም አለ፣ ቦርሳ ታኬታ አልሰጥም አለ፣ ኬብሮን ቀሚስ አልለቅም አለ፣ እናት ዞራ ማየት አልቻለችም፣ ሶልያና ሰልፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከፊቷ አንድ ልጅ ብቻ ቀርቷል።

ያኔ ትርንጎ፣ ከኬብሮን ጣቶች ጋር እየታገለች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «አንዳችሁ ለእህታችሁ ውሃ አምጡላት» አለች። ምነው ያን ቃል ባልተናገረች።

አቢጊያ ባዶ የውሃ ኮዳዋን ለናሆም ሰጠች። ናሆም ለኬብሮን አቀበለ። ኬብሮን በአንድ እጁ ቀሚሱን እንደያዘ በሌላው ኮዳውን ተቀብሎ ከእሱ የሚያንስ ሰው ፈለገ። አንድ ሰው ነበረች።

«ሶሊ፣ ውሃ ቅጂ።»

«ተራዬ ደርሷል እኮ።»

«እማዬ ናት ያለችው።»

እማዬ ካለች ምን ይደረጋል? ሶልያና ኮዳውን ይዛ ወጣች። ቧንቧው በቀጭኑ ነው የሚወርደው፤ ኮዳው አልሞላ አላት። ውስጥ አሰልጣኙ «ሶልያና» ብሎ ጠራ። ደግሞም ጠራ። አቤት የሚል ሲያጣ ቀጣዩን ልጅ አስገባ።

ከዚያማ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ውሃው መጣ፣ አቢጊያ ጠጣች፣ ቀበቶው ታሰረ፣ ናሆም ተነሳ፣ ቦርሳው ተከፈተ፣ ታኬታው ወጣ፣ ኬብሮን ቀሚሱን ለቀቀ፣ እናት ዞረች። ስትዞር ትንንሾቹ ጫማቸውን አድርገው እየወጡ፣ አሰልጣኙ ፍራሹን እየጠቀለለ ነበር።

«በይ ሶሊዬ፣ አሁን ልይሽ።»

«አለፈኝ።»

«እንዴት አለፈሽ?»

«ውሃ ስቀዳ።»

እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል። ትርንጎ አቢጊያን አየች፣ አቢጊያ ናሆምን አየች፣ ናሆም ኬብሮንን አየ፣ ኬብሮን የሚያየው አጥቶ ታኬታውን አየ። ትርንጎ ማንንም አልተቆጣችም። «አንዳችሁ» ያለችው ራሷ ናት፤ ታናሽየዋ ጋ እንደሚደርስ ማወቅ ነበረባት።

ወደ አሰልጣኙ ሄደች። «እባክህ የኔ ወንድም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትሞክር።»

«እትዬ ትርንጎ፣ ደጋግሜ ጠራኋት እኮ።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አሰልጣኙ ፍራሹን መልሶ ዘረጋ። ልጆቹን ግን መመለስ አልቻለም፤ ቆመው የሚያጨበጭቡት ሁሉ ሄደዋል። እናትና ሦስት ልጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቀሚስ የሚይዝ የለም፣ ቦርሳ ላይ የተቀመጠ የለም፣ ሁሉም ወደ ፍራሹ ያያል።

ሶልያና ፍራሹ ጫፍ ላይ ቆመች። ጎንበስ ልትል አለችና ተወችው። ወደ አግዳሚው ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ውሃ የጠማው አለ?» አለች።

ትርንጎ «የለም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ሶልያና አንገቷን ቀብራ ተገለበጠች፤ ትንሽ ወደ ጎን ብትሄድም ለብቻዋ ነው። አጨበጨቡላት። በዚያ ሰፊ አዳራሽ ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። እናቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየቻት።

ተረቴ አለቀ፤ ውሃ የጠማው ራሱ ተነስቶ ይቅዳ።